ስድስቱ የሽንኩርት ብርጭቆዎች

መምህርቷ እስከ መጨረሻው አላነሣም ያሉት፣ በአራተኛ ክፍል መስኮት ላይ የተደረደሩትን ስድስት ብርጭቆዎች ነበር። በእያንዳንዱ ብርጭቆ አፍ ላይ አንድ ሽንኩርት ግርጌው ውሃ እየነካ ይቀመጣል። ሦስቱ የቧንቧ ውሃ፣ ሦስቱ ደግሞ በአጥሩ ሥር ከሚያልፈው ወንዝ የተቀዳ ውሃ ይዘዋል። ተማሪዎቹ በየማለዳው ሥሮቹን በማስመሪያ ይለካሉ። በሳምንቱ የቧንቧ ውሃ ያገኙት እንደ ሽማግሌ ጢም ነጭ ሥር ሲያንዠረግጉ፣ የወንዙ ውሃ የደረሳቸው ከጥፍር ያልበለጠ ጥቁር ጉጥ ይዘው ቀሩ። ወንዙ የቆዳ ፋብሪካውን ኬሚካል ተሸክሞ እንደሚወርድ የማያውቅ አልነበረም፤ ልጆቹ ግን በዓይናቸው አይተው፣ በቁጥር ጽፈው፣ ለየቤታቸው አወሩ። ሰፈሩም መምህርቷን «ቲቸር ሽንኩርት» ይላቸው ጀመር።

እናቶች ጓሯቸውን በወንዙ ውሃ ማጠጣት ሲተዉ ወሬው ከፋብሪካው ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ከመምህርቷ ጋር ሙግት አልገጠሙም። ቆዳ በሚለፋበት ክፍል ሃያ ዓመት ያገለገለውን የመምህርቷን ታናሽ ወንድም አስጠርተው፣ ብርጭቆዎቹ እስከ ዓርብ ካልተነሡ ሥራው እንደሚያበቃ ነገሩት።

ወንድምየው ሐሙስ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ መጣ። በመጀመሪያ እንደ ልማዱ ቀለደ።

«ሰው ሽንኩርት ሲልጥ ያለቅሳል፣ እታለም፤ አንቺ ሳትልጪው ልታስለቅሺን ነው።»

እሳቸው አልሳቁም። ያን ጊዜ በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና ለመነ። ሦስት ልጆች እንዳሉት፣ በዚህ ዕድሜው ሌላ ቀጣሪ እንደማያገኝ፣ የወንዙን ውሃ ደፍተው የቧንቧ ቢሞሉበት ማንም እንደማያውቅ አስረዳ። መምህርቷ ኬሚካል የበላቸውን ጣቶቹን በሁለት እጃቸው ያዙ። ብርጭቆዎቹን ግን አልነኩም።

ሰኞ ዘበኛው ወንድምየውን ከፋብሪካው በር መለሰው። ከዚያ ወዲህ የእኅቱን ደጃፍ አልረገጠም፤ ሚስቱም መንገድ ላይ ስታያቸው ፊቷን ታዞራለች።

በወሩ ርዕሰ መምህሩ አስጠሯቸው። ውጤቱ ስሕተት እንደነበር ለተማሪዎቹ ቢናገሩ ወንድማቸው ወደ ሥራው እንደሚመለስ ፋብሪካው ቃል መግባቱን ገልጸው፣ ለመሆኑ የገዛ ሥጋዎ አያሳዝንዎትም ወይ ሲሉ ጠየቁ። መምህርቷ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦

«ያሳዝነኛል። እህል አልወርድ ብሎኛል፤ እሱን ለእኔ አይንገሩኝ። ግን ልጆቹን ያያችሁትን ጻፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ጠቁሮ አዩት፣ ጠቁሯል ብለው ጻፉ። አሁን ገብቼ አላያችሁም ልበላቸው? አልልም። ከፈለጉ እርስዎ ገብተው ይበሏቸው፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።»