የጋሽ ዩሱፍ እግር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ዛሬ በጎረቤታችን በጠበቃው በጋሽ ዩሱፍ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «ፍርሃት አያውቅም ነበር» ሲል፣ መናገር አፈርኩ። የግቢያቸው ቆርቆሮ በር በነፋስ ሲጋጭ ግን ደነገጥኩ።

ልጅ ሳለሁ የእኛም በር እንዲህ ተደብድቦ ነበር። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አባቴን ሊወስዱ መጡ። ጋሽ ዩሱፍ በሽርጥ እንዳለ ሮጦ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አቦ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የታለ?»

«ዞር በል! አንተንም እንወስድሃለን።»

«ውሰዱኛ! መጀመሪያ ግን ወረቀቱን አሳዩኝ።»

ከኋላው ሆኜ እግሩን አቅፌ ነበር። ሽርጡ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ድምፁ የረጋ ነው፤ እግሩ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰዎቹ የሚያሳዩት ወረቀት ስላልነበራቸው አባቴን ሳይነኩ እየተሳደቡ ሄዱ። ጋሽ ዩሱፍ ደጃፉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጦ አየኝ።

«አንቺ ባትይዢኝ ኖሮ ሮጬ ነበር» አለኝ።