ጋሼ ያልዘጉት ፖርት

«ከእርስዎ በቀር የፋየርዎሉን የይለፍ ቃል የሚያውቅ የለም። ታዲያ ፖርቱን ማን ዘጋው?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ከትናንት ወዲያ ከፍቼዋለሁ አልኩሽ» አሉ ጋሼ። «ደብተሩ ላይ አለ። ማንበብ ነው።»

«የጠየቅኩት ደብተር አይደለም። የክላውዱ ፎልደር አይከፈትም።»

አትላስ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ነበር። በየትኛውም መስኮት ብታይ ክሬን ነው፤ ሥራው ይጎርፋል። የቢሮው ሰርቨር ስለሞላ ፕላኖቹ ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት በሚገኝ ማከማቻ፣ እንዲቀመጡ ተወሰነ። የጋሼ ኮንትራት የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ነበርና መታደሱ በዚህ ፎልደር ላይ ተንጠለጠለ።

የቢሮውን ገመድ አንድ በአንድ የዘረጉት እሳቸው ናቸው። ዱሮ ቫይረስ ፕላኖቹን ከበላ በኋላ፣ ፋይል የሚተላለፍበትን 445 ቁጥር ፖርት፣ የኔትወርኩን መግቢያና መውጫ በሚጠብቀው ፋየርዎል ላይ ዘግተውት ነበር። ለክላውዱ ሲባል ይክፈቱልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የነኩትን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ይመዘግባሉ። እኛ ወጣቶቹ «የጋሼ ውዳሴ» እያልን በደብተሩ እንስቅ ነበር።

የኮምፒውተር ሙያውንም ግጥሙንም ለብቻዬ የተማርኩ ችኩል ነበርኩ። ፕላን ከሚታተምበት ፕሎተር የሚተርፈውን ቁራጭ ወረቀት ለግጥሜ የሚያስቀምጡልኝ እሳቸው ነበሩ።

ያን ቀን ጠዋት ፖርቱን ስሞክረው አልተገናኘም። ያው ፋይል በብሮውዘር ግን ይከፈታል። ኢንተርኔቱ ካለ የዘጋው የእኛ ፋየርዎል ነው ብዬ ለሥራ አስኪያጇ ነገርኳት። ብሮውዘሩ የሚሄደው በሌላ ፖርት ስለሆነ ይህ ምንም እንደማያረጋግጥ አውቅ ነበር። ደብተሩንም አላየሁም።

እነሱ ሲከራከሩ ተነሳሁ። ኢንተርኔት የምናገኘው ከሕንፃው አስተዳደር ነው። ከታች የሚመጣውን ገመድ ከፋየርዎሉ ነቅዬ በቀጥታ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት።

«ኔትወርክ ሄደ» አለ አንዱ ከወዲያ።

ሞከርኩ። አሁንም አልተገናኘም። መሀል ላይ የጋሼ ፋየርዎል የለም።

«የተዘጋው ታች፣ ሕንፃው ጋ ነው» አልኩ። «ጋሼ ከፍተውታል።»

ሥራ አስኪያጇ ዞር ብላ አየችኝ። «ጠዋት እንደዚህ አላልክም።»

«ጠዋት ይሄን አልሞከርኩም።»

ወደ ጋሼ ተመለሰች። «በሉ ጋሼ፣ ይቀመጡ። ኮንትራቱን እንነጋገርበታለን» አለች፤ ድምጿ ወርዶ ነበር።

አልተቀመጡም። የነቀልኩትን ገመድ መልሰው ሰኩ፤ ደብተራቸው ላይ አንድ መስመር ጻፉና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«የይለፍ ቃሉ መጨረሻ ገጽ ላይ ነው» አሉኝ። «ገመድ የሚነቀለው ሰው ከመክሰስህ በፊት ነው፣ ልጄ።»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ቤቴ የካ አባዶ ነው፤ ሩቅ ነው። የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ልሂድ።»

ኮታቸውን ከወንበሩ አንስተው ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።