መረቡን ያላላሁት እኔ ነኝ

ሆዴ ውስጥ ወሬ አያድርም፤ ነገሌ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይቺን ግን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተንፍሻት አላውቅም። ላንተ ልንገርህ፣ አንተው ፍረድ።

መንገድ ሥራ ማንም አላስተማረኝም። በዓይኔ ሰርቄ ነው ከቀን ሠራተኝነት ፎርማን የሆንኩት። አፈሩን ረግጬ ብቻ ዝናብ ሲመጣ የቱ ጋ እንደሚሰምጥ እናገር ነበር። ኢንጂነሮቹ ሳይቀሩ “ጋሼ ታደሰን ጠይቁት” ይሉ ነበር።

ከዚያ ሰሚራ መጣች። የኛው ከተማ የባለ ሱቅ ልጅ ናት፣ ኢንጂነር ሆና ተመለሰች። ወደ ክብረ መንግሥት መውጫ ያለው ጥቁር አፈር በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ያብጣል። እኔ ቆፍረን ድንጋይ እንሙላው አልኩ። እሷ ደግሞ የፕላስቲክ መረብ እናንጥፍበት፣ ጠጠሩን ይይዘዋል፣ የመኪናውን ክብደት ይበትነዋል፣ አስፋልቱ አይሰምጥም አለች። “ዓሣ ልናጠምድ ነው እንዴ?” ብዬ ሰዉን አሳቅሁ። እሷም ሳቀች። አለቆቹ ግን የሷን ዲዛይን ተቀበሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው እሷ ሆነች። እኔ ቀናሁ። በልጄ ዕድሜ ባለች ልጅ ቀናሁ። ይሄን ምን ይሉታል?

መረቡ ተወጥሮ፣ በካስማ ተይዞ ነው ጠጠር የሚደፋበት። ጠጠር ሳይለብስ መኪና አይረግጠውም። እሷ ለሥራ ሞያሌ ስትወርድ እኔ ሳላስወጥር አስነጠፍኩት። ገልባጮቹን በላዩ አስነዳሁ። ሠራተኛው እኔን አምኖ ያዘዝኩትን ሠራ። እኔ ሲጨማደድ፣ ሲቀደድ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ጠጠር አለበስኩት።

ስትመለስ “ጋሼ፣ በደንብ ተወጠረ?” አለችኝ።

“በራሴ እጅ ነው የወጠርኩት” አልኳት።

ዝናቡ መጣ፣ አስፋልቱ በጎማው መስመር ሰመጠ። አለቆቹ ሰብስበውን አንዱ ጥፋቱ ምናልባት የአነጣጠፉ ይሆናል አለ። የመለሰችው እሷ ናት።

“ጋሼ ታደሰ ወጥሬዋለሁ ካለ ወጥሮታል። ስሌቱ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።”

የወለደኝ አባቴ እንኳ እንዲህ አምኖኝ አያውቅም። ያኔ አፌን ምን ያዘው? ሥራውን ነጠቋት። እኔ ቆፍሬ ድንጋይ ሞላሁ፣ “አላልኳችሁም?” እያልኩ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ጉራዬን ነዛሁ።

ኢንጂነርነቱን ትታ ዛሬ የአባቷን ሱቅ ይዛለች። “አካም ጋሼ፣ ናጋ?” ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን ትጠይቀኛለች። ልነግራት ገብቼ ሳሙና ገዝቼ የወጣሁት ስንቴ ነው? ቤቴ የሳሙና መጋዘን ሆኗል።

ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ላንተ የምለፈልፈው እሷ ፊት መቆም ስላቃተኝ ነው፤ ይሄም ቢሆን ፈሪነት እንጂ ኑዛዜ አይባልም።