ጥግ ላይ የምትደንሰው ክር

ከኬንቲሽ ታውን ባቡር ጣቢያ ስወጣ፣ ከድንች ጥብስ ቤቱ የሚመጣው የኮምጣጤ ሽታ ሌላውን ሰው ያስርበው ይሆናል። እኔን የአባቴን ካሜራ ያስታውሰኛል። ቆም ብዬ ፈገግ እላለሁ። መንገደኛው ዞር ብሎ ቢያየኝም ግድ የለኝም፤ በዚህ ከተማ ብቻውን የሚስቅ ሰው ብዙ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። እዚሁ ሰፈር፣ ካውንስሉ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ በሚያከራያት አንዲት ፍላት ውስጥ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር እኖር ነበር። እህቴ ሴት ልጅ ወለደችና እናቴ ለክርስትናው ከአዲስ አበባ መጣች። አባቴን ሐኪሙ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ስለከለከለው ቀረ። በእሱ ፈንታ የመጣው ካሜራው ነበር፤ ቆዳ የለበሰ እጀታውን እንደ ሽጉጥ ጨብጠው የሚቀርጹበት፣ ድምፅ የማይቀዳ አሮጌ የፊልም ካሜራ። መልእክቱም አጭር ነበር፦ «የልጅ ልጄን ክርስትና ቀርጸሽ ላኪልኝ። ማሳያው እቤት አለ፤ ግድግዳ ላይ አያታለሁ።» የላካት የፊልም ካሴት አንድ ብቻ ነበረች።

እናቴ ካሜራውን በነጠላ ጠቅልላ፣ ከበርበሬና ከሽሮ መሃል ሸጉጣ ነው ያመጣችው። ስንፈታው ክፍሉ ቆዳ ቆዳ፣ በርበሬ በርበሬ ሸተተ። ቁልፉን ተጫንኩ። ጸጥ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ክርስትናው እሑድ ጠዋት።

አዲስ ባትሪ ባስገባም ያው ሆነ። የባትሪውን ቤት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ሳየው እንደ ሻጋታ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ወጥቶበታል። አባቴ ድሮ እንዲህ ሲሆን በኮምጣጤ ሲጠርገው አየው ነበር። እቤት ኮምጣጤ ስላልነበረ ብርጭቆ ይዤ፣ ድንቹ ላይ ኮምጣጤ እየረጨ ወደሚሸጠው ድንች ጥብስ ቤት ወረድኩ።

«ድንቹስ?» አለኝ ሻጩ።

«ጾም ላይ ነኝ፤ በምን እንደምትጠብሱትም አላውቅም። ኮምጣጤው ብቻ።»

ብርጭቆዬን እስከ ግማሽ ሞላልኝና፣ «ሃይማኖትሽ ይህን ጠጪ ነው የሚልሽ?» አለኝ።

ስመለስ እናቴ ካሜራውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ታንጠባጥብበታለች።

«እማዬ፣ ውሃ እኮ ያበላሸዋል።»

«ውሃ ማን አለሽ? ጠበል ነው።»

እምነቱ የእኔም ነው፤ ሞተሩ ይዝጋል ብዬ ግን ሰጋሁ። አማተብኩና ተቀብያት ቀስ ብዬ አደረቅኩት። ከዚያ የክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ ኮምጣጤ እየነከርኩ ብረቶቹን ጠረግኩ፤ እስኪያበሩ ድረስ በላጲስ ፈተግኳቸው። ቁልፉን ስጫን ትርርር አለ።

«ጠበሉ ነው» አለች እናቴ።

«ኮምጣጤው ነው» አለች እህቴ፣ ሕፃኗን እያጠባች።

ክርክሩ ሳያልቅ ትርታው ወደ ማቃሰት ተለወጠና ቆመ። መክደኛውን ከፈትኩ። ፊልሙን የሚያዞረው ጥርስ ላይ፣ ፊልሙ በሚያልፍባት ትንሽ መስኮት ዙሪያም፣ ነጭ ጥጥ ተጠምጥሟል።

እናቴ አጎንብሳ አየችና «ያነቀው የኔው ነጠላ ነዋ» አለች። ከቦርሳዋ ወረንጦ አወጣች። እሾህ እንደምትነቅል ሁሉ ትንፋሿን ይዛ ክሩን አንድ በአንድ ለቀመችው።

«ሁሉንም አወጣሽው?»

«እንኳን ክር፣ ኃጢአትም አልቀረበት።»

እሑድ ካሜራው ሠራ። ካሴቷ የምትቀርጸው ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን ትዕይንት በበስመ አብ ለካሁት፤ በልቤ እደግምና አሜን ላይ ጣቴን አነሣለሁ። ከእንግሊዞች በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የባለቀለሙ መስታወት ብርሃን ሕፃኗ ላይ አርፎ ነበር። ካሜራውን ወደ እናቴ ባዞርኩ ቁጥር ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። «እኔን ተዪኝ፤ ልጅቷን አንሺ።» ሁሉም ካለቀ በኋላ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። «በይ እሺ፣ አሁን አንሺኝ።» ተጫንኩት። ካሴቷ አልቃ ነበር።

ማሳያ ስላልነበረን ፊልሙን አሳጥበን ሳናየው እናቴ ይዛው ሄደች። አባቴ ባየው ማግስት ደወለልኝ።

«ልጅቷ ታምራለች። ጥግ ላይ የምትደንሰው ግን ማን ናት?»

ለካ ፊልሙ በሚያልፍባት መስኮት ጠርዝ ላይ አንዲት የነጠላ ክር ቀርታለች። ነጯ ክር ብርሃኑን ስለጋረደች ፊልሙ ላይ ጥቁር ሆና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትወዛወዛለች። ከአባቴ ኋላ የእናቴ ሳቅ ተሰማኝ። «እኔ ነኛ በላት» አለችው።

ሁለቱም ካረፉ በኋላ ፊልሙ ወደ እኔ ተመለሰ። ባለፈው ወር ያቺ ሕፃን፣ ዛሬ ክሮይደን የምትሠራ ትልቅ ሴት፣ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጣው መጣች። ሶፋዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። ራሷን አፏን ከፍታ ስታለቅስ ስታይ ሳቀች። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ጥግ ላይ አሳረፈች።

«አክስቴ፣ ይቺ ጥቁር ነገር ታናድዳለች። ሪሙቭ ላድርጋት?»

«ተያት» አልኳት። «አያትሽ ናት።»

ዞር ብላ አየችኝ። የነጠላውንም፣ የወረንጦውንም፣ በሩ ላይ ያለቀችውን ካሴትም ነገርኳት። ስጨርስ ፊልሙን ከመጀመሪያው መለሰችው። በዚህኛው ጊዜ ራሷን አላየችም። ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ዓይኗ ከጥጉ አልተነሣም።