ልጄ የተረጎመችልን መርማሪ

በዚያ ጉዳይ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ፣ ሶዶ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ማንበብ የቻልኩ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ። ሦስተኛዋ የመጀመሪያ ልጃችን፣ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። አራተኛው የሠፈራችን የእንግሊዝኛ መምህር። በቴሌቪዥን የሚመጣውን ሽማግሌ መርማሪ ብቆጥረው አምስት እንሆን ነበር።

ዲሽ ባስገባን ዓመት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ የወንጀል ምርመራ ድራማ እናይ ነበር። ሽማግሌው ፊቱ የማይፈታ፣ ሲያጉረመርም የሚውል፣ አብሮት የሚሠራውን ወጣት በሆነ ባልሆነው የሚቆጣ ሰው ነው። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጄ ወደ ወላይትኛ እየመለሰች ትነግረናለች። በእሷ አፍ ሽማግሌው ተቆጥቶ ተቆጥቶ መጨረሻ ላይ አንድ መልካም ቃል ይጨምራል፤ "ዛሬስ ደግ ሠራህ" ይላል፣ ወይም "ያለ አንተ አልደርስበትም ነበር"። እኔም ይህ ሰው ወጣቱን በሙገሳ ያበላሸዋል እያልኩ እተቸዋለሁ። ልጄ መተርጎሟን ትቀጥላለች። በዚያው ሰሞን ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ ካርዷን ስታሳየኝ፣ አንደኛው ማን እንደሆነ ጠይቄ ነው የፈረምኩት።

አንድ እሑድ መምህሩ ያሰፋውን ሱሪ ሊወስድ መጥቶ አብሮን ተቀመጠ። ልጄ ስትተረጉም አዳምጦ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ እንዲህ አላለም።"

"ምን አለ?"

"ደደብ ነህ፣ ከፊቴ ጥፋ ነው ያለው።"

ስላለፉት ሳምንታትም ጠየቅኩት። ድራማውን ያውቀዋል፤ ሽማግሌው ወጣቱን አንድም ቀን አመስግኖት አያውቅም አለኝ። ፊቴን ሲያይ ደግሞ ልጅነት ነው ብሎ ሊያቀለው ሞከረ። እኔ ግን በእንግዳ ፊት የተዋረድኩ መስሎኝ ለምን እንደዋሸች ጠየቅኳት።

"በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ጎበዝ ይባል ብዬ ነው፣ አባባ" አለች።

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል አባት ጥፋተኛ ነው፤ እኔ ከዝምታም የባሰ አደረግኩ። በሐሰት መተርጎም በሐሰት መመስከር ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ፊት ቀርበሽ እስክትናዘዢ ድረስ ትምህርት ቤት አትረግጪም አልኳት። ለብሔራዊ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ባለቤቴ ለመነችኝ፣ መምህሩ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በቴሌቪዥን ወሬ ሰው አናናዝዝም ብለው መለሱኝ። ያኔም እሺ አላልኩም፤ ቃሉን የሚያጥፍ አባት አይከበርም ብዬ አምን ነበር። ልጄም አልናዘዝም እንዳለች ከጎኔ ተቀምጣ ቁልፍ ስትሰፋ የፈተናው ቀናት አለፉ።

በዓመቱ የፈተናውን መመዝገቢያ ፎርም ራሴ አመጣሁላት። ሳታነበው ጠረጴዛው ላይ ትታው ዲምቱ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄደች። እዚያ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። ልጠይቃት ስሄድ ወንበር ታቀርብልኛለች፣ ለጠየቅኳት ብቻ ትመልሳለች። አንድ ቀን የሱቁን አያያዝ አይቼ ጎበዝ ነሽ አልኳት። ዕቃ የምትፈልግ መስላ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክሄድም አልወጣችም።

ያቺ እሑድ ያስከፈለችን ይህን ነው። መምህሩ ደጃችንን መርገጥ ተወ። ባለቤቴ ልጇን በዓመት ሁለት ጊዜ ታያለች። ልጄ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈችም። የእኔ ከሁሉም ያንሳል፤ እሑድ ከሰዓት የሚያወራኝ ሰው ማጣት ብቻ ነው።