ቀለም የማይቀባበት ሰፈር

ከሰንበቴ ጋር ያስተዋወቀኝ የባጃጅ ጭቅጭቅ ነው። አሶሳ፣ ገበያው ጫፍ ላይ፣ ባጃጁ እስኪሞላ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ አንዲት ጠና ያለች ሴት ከቁመቷ እጥፍ የሚረዝም የቀርከሃ እስር ጣሪያው ላይ ልታጋድም ትታገላለች። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል።

«እትዬ፣ ይሄ አይሱዙ መሰለሽ?»

«ትናንት ፍየል ጭነህ አላየሁህም?»

«ፍየል እኮ ይታጠፋል!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ቀርከሃው ግን መሬት ቀረ። ወረድኩና «ቤትዎ ሩቅ ነው?» አልኳት።

«ለአንድ ሰው ሩቅ ነው፤ ለሁለት ሰው ቅርብ ነው። ደግሞ አንቱ አትበለኝ፣ ገና ሸክም እችላለሁ።»

ወሬ የሚወድ ሰው ሸክም አይመርጥም። የቀርከሃውን አንድ ጫፍ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከኋላዋ ተከተልኳት።

ወደ ሰፈሯ የሚያስገባው መንገድ አዲስ ነው። ቀዩ አፈር ገና በቅጡ አልተረገጠም፤ ግራና ቀኝ ያለው የቀርከሃ አጥር ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መሃል ላይ አንድ ዝግ ቤት አለ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ዝጓል፤ ግቢው ውስጥ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። አጥሩ ግን እንደ ሌሎቹ አዲስ ነው። እዚያ ስንደርስ ሰንበቴ እርምጃዋን ቀነስ አደረገችና ወደ ግቢው ፊቷን መልሳ «እንደምን ዋልክ» አለች። ዝም ብሎ የመጣላት ቃል አይደለም፤ ሰው ለሰው እንደሚለው ነው ያለችው። እኔም ሰላም ልል ዞር አልኩ። ማንም የለም።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ጎረቤት» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ቤቷ ደርሰን ሸክሙን ከማውረዳችን የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። በረንዳዋ ላይ አስቀመጠችኝ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ በሰሃን አቀረበችልኝ። ዝናቡ አላስሄድ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልቸኮልኩም።

ሰንበቴ የቀበሌው ምክር ቤት አባል ናት። እንዴት እንደተመረጠች ስጠይቃት «በአፌ» አለች። ለንግዷ ቀርከሃ ከሚያመጡላት ነጋዴዎች ጋር ስትከራከር የሰማ የሰፈር ሰው ሁሉ «ይሄን አፍ ለእኛ ብናውለውስ?» ብሎ እጁን አወጣላት። ሰፈሩ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ መንገድ። ያኔ መግቢያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቀጭን መተላለፊያ ነው። ባለፈው ክረምት ሎዛ የምትባል ወጣት ጎረቤት ምጥ ያዛት። ባጃጅ መግባት አልቻለም። በቃሬዛ፣ በዚያ ጭቃ፣ እየተንሸራተቱ ተሸክመዋት ሲወጡ ሕፃኑ ሳይተርፍ መንገድ ላይ ቀረ። ከተሸካሚዎቹ አንዷ ሰንበቴ ነበረች።

«ከዚያ ወዲያ ምክር ቤት ገብቼ ሌላ ነገር ተናግሬ አላውቅም» አለችኝ። «አጀንዳው ጽዳት ይሁን፣ መብራት ይሁን፣ እጄን አወጣና ‹መንገድ› እላለሁ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ‹እትዬ ሰንበቴ፣ እጅሽን አታድክሚ፣ አውቀነዋል› አለኝ።»

እውነትም መንገድ የሚጠርግ ግሬደር ተፈቀደላቸው። ነገር ግን ማሽኑ በሚገባበት ቀን አጥሮቹ ሁሉ ወደ ኋላ ካልተነሡ ወደ ሌላ ቀበሌ ያልፋል ተባለ። የማን አጥር ምን ያህል እንደሚነሣ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ እየዞረ በቀይ ቀለም ምልክት ያደርጋል።

ቀያሹ ሃብታሙ ይባላል፤ ለስላሳ፣ ሰው የሚያከብር ልጅ ነው። ቤት ቤቱን ታሳየው ዘንድ ሰንበቴ አብራው ወጣች፤ የቀለሙን ቆርቆሮ የያዘችለትም እሷው ናት። መጀመሪያ የደረሱት ኢንዓም ቤት ነው። ኢንዓም የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፣ የሰፈሩ ነባር፣ አማርኛዋ ወንድና ሴት የማይለይ፣ ቀልደኛም ቁጡም። አጥሯ ከሁሉ ይበልጥ ወደ መንገዱ ገፍቶ ወጥቷል። ሃብታሙ ብሩሹን ነከረና የበሯን ምሰሶ ከላይ ወደ ታች አንዴ አሰመረበት።

«ቆርቆሮው እጄ ላይ ከበደኝ» አለችኝ ሰንበቴ። «ምን እንደነካኝ አላውቅም። ክዳኑን ገጠምኩና በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤቴ መሄድ ጀመርኩ።»

«እትዬ! እትዬ ሰንበቴ! የመንግሥት ንብረት ነው እኮ!» እያለ ሃብታሙ ብሩሹን እንደያዘ ከኋላዋ ሲሮጥ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ቤቷ ገብታ ነጭ ጋዝ የነከረችበት ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። የኢንዓምን ምሰሶ መጥረግ ያዘች። ቀለሙ አልለቅ ብሎ ተዝረከረከ፤ እሷም አላቆመችም።

«ምን ሆነ ይቺ ሴትዮ?» አለች ኢንዓም። «የኔ አጥር ነው፣ የኔ ቀለም ነው፣ ተወኝ!»

በማግስቱ ሰፈርተኛው ስብሰባ ተቀመጠ። ሰዉ ቀለሙን ይፈልገዋል፤ ቀለም አያዳላም ባይ ነው። «ምልክት ከሌለ ማን በፈቃዱ ይነሣል? እኔ ክንድ ስነሣ ጎረቤቴ ስንዝር ተነሥቶ ይስቅብኛል» ይላል አንዱ። ሃብታሙም ምልክት የሌለበትን መስመር ተቀብሎ ማሽን ማስገባት እንደማይችል ተናገረ። በመጨረሻ ኢንዓም ተነሣች።

«አጥር ይፈርሳል፣ ቀርከሃ ይገዛል። ቀርከሃ ማን ይሸጣል? ሰንበቴ! ወላሂ፣ እኔ ብሆን ቀለሙን ሰማይ ላይም እቀባ ነበር። እሷ ግን ቀለም ይፈራል። ለምን? የራሷ አጥር እንዳይነካ!»

ሰው አጨበጨበ። በየስብሰባው የጮኸችለት መንገድ በገዛ እጇ ሊያመልጥ ነው። ሎዛ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ዓይን ዓይኗን ታያት ነበር።

«የሷ ዓይን ነው ያናገረኝ» አለችኝ ሰንበቴ። ያን ቀን ለስብሰባው የተናገረችውን ነው ለእኔም የነገረችኝ።

ወደ አሶሳ ከመምጣቷ በፊት ከባሏ ከፈየራ ጋር ሩቅ፣ አንዲት ትንሽ የገበያ መንደር ውስጥ ነበር የምትኖረው። ወባ የማይለቀው ቆላ ነው። በየዓመቱ መድኃኒት ረጪዎች ይመጣሉ። አልጋው፣ እህሉ፣ ድስቱ ሁሉ ውጪ ይወጣል፤ ግድግዳው ይረጫል። ምልክት ያለበት በር እዚያ አገር ለማንም ብርቅ አይደለም። አገሩ በተረበሸበት ዓመት፣ አንድ ጠዋት፣ በራቸው ላይ በከሰል የተሠመረ ምልክት ተገኘ። ከጎረቤቶቻቸው የአንዳንዱ በር ላይ አለ፣ የአንዳንዱ ላይ የለም። ሰንበቴ ጨርቅ አርሳ ልትጠርገው ስትል ፈየራ እጇን ያዛት።

«‹አትንኪው፣ የወባ ሰዎች ናቸው› አለኝ። ‹የሚረጩትን ቤት ቀድመው መለየታቸው ነው። ካጠፋሽው ዘለውን ይሄዳሉ፣ ክረምቱን ስንንቀጠቀጥ እንከርማለን።› ‹እነሱ እኮ ጠመኔ ነው የሚይዙት፣ ይሄ ከሰል ነው› አልኩት። ‹ጠመኔው አልቆባቸው ይሆናላ› ብሎ ሳቀብኝ። ዕቃ ማውጣት የሚጠላ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን መጥተው እንዳያጣድፉን ብሎ አልጋውን ብቻውን እየጎተተ ዛፉ ሥር አወጣው። ድምፁ እስከ ታች ይሰማል። እኔ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ።»

የመጡት ግን የወባ ሰዎች አልነበሩም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለስብሰባው አልነገረችም፤ ለእኔም አልነገረችኝም። «ስመለስ አልጋው ውጪ ነበር» አለች፤ ይህን ብቻ። ኦቾሎኒው እጄ ላይ ቀረ።

ይህን ሲሰማ ስብሰባው አንገቱን ደፋ አለችኝ። ያ ሰፈር አብዛኛው ከየአቅጣጫው ተፈናቅሎ የሰፈረ ነው፤ የበር ምልክት ሲነሣ የራሱን የማያስታውስ ቤት የለበትም። ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው የኢንዓም ባል፣ ሽማግሌው ማህጁብ ነው። ማህጁብ በስብሰባ አይናገርም፤ እየመጣ ይተኛል ብለው ያሙታል።

«ኻላስ፣ በቃ። ቀለም ይቅር» አለ። «ሰው ይቁም።»

«ምን ማለትዎ ነው፣ አባ ማህጁብ?» አለ ሃብታሙ።

«አንተ ሲባጎ ይዘርጋ። ባለ አጥሩ ሁሉ መጥቶ አጥሩ የሚሆንበት ቦታ ይቁም። ሲባጎውን በእጁ ይያዝ። አጥር ይዋሻል። ሰው ጎረቤቱ እያየው አይዋሽም፣ ያፍራል።»

«እኔ ወፍራም ነኝ፣ ሁለት ምሰሶ እሆናለሁ» አለች ኢንዓም። ሰው ሳቀ። እሷ ግን ወደ ሰንበቴ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ስብሰባው እስኪበተን ከዚያ አልተነሣችም።

ሃብታሙ አሰበበት፣ አለቆቹን ጠየቀ፣ መስመሩ ቀጥ እስካለ ድረስ ይሁን ተባለ። በቀጠሮው ጠዋት ሰፈርተኛው በሙሉ ወጥቶ በሁለት ረድፍ ቆመ። በርጩማ ይዞ የመጣ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች። ሃብታሙ ሲባጎውን ከእጅ ወደ እጅ እያስያዘ ያልፋል። «ሆድህን ሰብስብ፣ መንገድ ይዘጋል!» «አንተ፣ ሦስት እግር ወደ ኋላ፣ እያየንህ ነው!» እየተባባሉ ይስቃሉ። በዳር በኩል ጠማማ የነበረው ሁሉ ቀና። ሎዛም የራሷ ቦታ ላይ ቆማለች።

ከዚያ ሲባጎው ዝጉ ቤት ደረሰ።

የዲማ ቤት ነው። ዲማ አናጢ ነበር፤ ሰንበቴ ተፈናቅላ አሶሳ ስትገባ መጀመሪያ የተዋወቀችው ጎረቤት እሱ ነው፣ የቤቷን በር የሠራላትም እሱ ነው። መተከል በኩል ነገሩ ሲከፋ «እናቴን ላምጣት» ብሎ ወደ ቡለን ሄደ። አልተመለሰም። ሞተ ያለ ሰው የለም፣ አየሁት ያለም የለም። ሚስቱ ጠብቃ ጠብቃ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ሄደች። ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡለትም። «ማን ሞተ ብለን?» አለችኝ ሰንበቴ።

ሃብታሙ ቆመ። ባለቤቱ የሌለ አጥር በቀለም ተመልክቶ በማሽን ይፈርሳል፤ ደንቡ ይህ ነው። ቦርሳውን ከፍቶ ብሩሹን አወጣ። «እትዬ ሰንበቴ፣ ይቺ አንዲት ብቻ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። እዚያ መቆም ሁሉም ፈራ። ኢንዓም ከመንገዱ ማዶ ሆና «የጠፋ ሰው ቦታ አትቁም!» ብላ ጮኸች። «ቦታውን ከያዝክ በምን ይመለሳል?»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለችኝ ሰንበቴ። «እሷ ያለችው ልክ ቢሆንስ አልኩ። ግን ብሩሹን አየሁት። የራሴን ሲባጎ ለጎረቤት አስያዝኩና ሄጄ ቆምኩ። ጀርባዬ ወደ ቤቱ ነው። ከኋላዬ ሣሩ ተንኮሻኮሸ፤ ነፋስ ነው አልኩ። ቀጥሎ አልጋ ሲጎተት ሰማሁ። በረጅሙ። እግሩ መሬቱን እየፋቀ።»

«ዞረሽ አላየሽም?»

«እንዴት ልዙር? ሲባጎው እጄ ላይ ነው፤ ብዞር መስመሩ ይጣመማል፣ ብሩሹ ይመጣል። ‹ፈየራ ነህ?› አልኩ በልቤ። ‹ዲማ ነህ?› አልኩ። መጎተቱ ግን አላቆመም። ሃብታሙ ‹ጨርሰናል እትዬ፣ መሄድ ትችያለሽ› ሲለኝ ጠዋት የነበረው ጥላ እግሬ ሥር ገብቷል። ሰው እጄን ፈልቅቆ ነው ሲባጎውን የወሰደልኝ።»

የዲማን አጥር ሰፈርተኛው ተረዳድቶ በክብር ነቅሎ ወደ ኋላ ተከለው፤ የተሰበረውን በአዲስ ቀርከሃ ተኩ። ግሬደሩ መጣ፣ መንገዱ ተከፈተ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ እስከ በሯ ድረስ ተገብቶላት በጊዜ ሐኪም ቤት ደረሰች፤ ሎዛ ናት አብራት የሄደችው። አጎበር የሚያድሉትም፣ ቤት የሚቆጥሩትም አሁን እዚህ ሰፈር በር ላይ ጠመኔ አያሳርፉም። ስም ጠርተው ያስወጣሉ፣ ሰውን በዓይናቸው አይተው ያልፋሉ።

«ድምፁስ?» አልኳት። «አሁንም ትሰሚዋለሽ?»

«በዚያ ባለፍኩ ቁጥር። ለዚህ ነው ሰላም የምለው። ሰላም ስለው ትንሽ ፋታ ይሰጠኛል። ኢንዓም ‹ደግሞ አንድ ቀን ይመልስልህና ትሮጣለህ› ትለኛለች።»

ዝናቡ አባራ። ልትሸኘኝ ተነሣች። ቀዩ አፈር ላይ ጎን ለጎን እየሄድን ዲማ ቤት ፊት ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን። ከሣሩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። እኔም ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምን እሰማለሁ ብዬ እንደሆነ እንጃ።

«ዲማ ቢመለስ ምን ትይዋለሽ?» አልኳት።

«አጥርህን ያስነሣሁት እኔ ነኝ፣ ቦታህ ላይ የቆምኩትም እኔ ነኝ እለዋለሁ» አለች። «ቁጡ ሰው ነው፤ ለአንድ ስንዝር መሬት ከማንም ይጣላል።» በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ግቢው አየች። «ብቻ መጥቶ ይቆጣኝ።»