ለባላምባራስ መሸነፍ

ከጉና የመጣው እንግዳ የበግ ለምዱን አጥብቆ ከባላምባራስ ጓሉ ጋር ለሰንጠረዥ ተቀመጠ። ወንድሙ በግቢያቸው ከታሰረ ወር ሆኖታል። ባላምባራስ ደግሞ አቤቱታ የሚሰሙት ጨዋታ ባሸነፉ ቀን ብቻ ነው፤ ካሸነፉ ሦስት ክረምት አልፏል።

«የት ተማርኸው?» ሲሉት የለምዱን ጫፍ ስቦ፣ የእጁ አንጓ ላይ ያለውን የድሮ ሰንሰለት ጠባሳ ሸፈነ። «ከሰው አይቼ ነው፣ ጌታዬ።»

ለባላምባራስ መሸነፍ ጉናን የኋሊት እየሄዱ ከመውጣት ይከብዳል። ተራ በማይጠበቅበት በመክፈቻው ወረራ እንኳ እሳቸው አንዷን ጠጠር እስኪያነሡ ገብስ ተዘርቶ ይታጨዳል። እንግዳው ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ቆልፎ ጠበቃቸው። ንጉሣቸውን ገደል አፋፍ ባደረሱ ቁጥር እያሳለ የገዛ ጠጠሩን አሳልፎ ሰጠ።

«ፈረስህን ረሳኸው» አሉት እየሳቁ።

«ባላገር ነኝ፣ ጌታዬ። እኔ የለመድሁት በቅሎ ነው።»

ወደ ሠርክ ግድም፣ በላብ ተጠምቆ፣ ንጉሡን ለባላምባራስ ተራ ወታደር አስማረከ። በወታደር ማሸነፍ ከሁሉ ያኮራልና አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

«ወንድምህ ይፈታ፤ አገሩ ይግባ» አሉ ባላምባራስ። «አንተ ግን በዚህ አጨዋወትህ የትም አትሄድም። እዚሁ ከእኔ ዘንድ ኑር፤ አስተምርሃለሁ።»

እንግዳው ግንባሩን መሬት አስነክቶ አመሰገነና ጠጠሮቹን እንደገና ይደረድር ጀመር።